ስለ ውስጥ ንድፍ ባለሙያዎች የብቃት ምስክር ወረቀት

አንድ ሰው ሙያው የውስጥ ንድፍ መሆኑን ቢናገር፣ ሰሚው ወዲያው የሚያስበው መጋረጃን፣ የግድግዳ ቀለምንና የሶፋ ጨርቅን ነው። በከተማችን ቋንቋ ሥራው ባጭሩ «ዲኮር» ይባላል፤ ዲኮር ማለትም ጌጥ ማለት ነው። ጌጥ ደግሞ ቢበላሽ ዓይን ያስቀይማል እንጂ ሰው አይገድልም። እንግዲህ ለጌጥ ሥራ ፈተና ማቆም፣ ፈቃድ መስጠት፣ ያለ ፈቃድ የሠራውንም መቅጣት ስለ ምን ያስፈልጋል? ይህ ጥያቄ በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ በየግዛቱ ምክር ቤትና በየፍርድ ቤቱ ሲያከራክር የኖረ ነው። ይህ ጽሑፍ የክርክሩን ሥር ለማስረዳትና ጸሐፊው የደረሰበትን አስተያየት ለጓደኞቹና ለመምህራኑ ለማቅረብ የታሰበ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ሰው የገዛ ቤቱን እንደ ወደደ ቢያስጌጥ ጕዳቱም ጥቅሙም የራሱ ነው። በሩ የት እንዳለ ያውቃል፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ በዳበሳ ይወጣል። ነገር ግን ምግብ ቤት፣ ሆቴል፣ መሥሪያ ቤት፣ ሆስፒታልና የመደብር አዳራሽ ሌላ ነገር ናቸው። በነዚህ ውስጥ የሚገባው ሕዝብ ቤቱን አያውቀውም፤ የገባበትን በር እንጂ ሌላ መውጫ መኖሩን አይጠይቅም፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ነገር ከምን እንደ ተሠራም አይመረምርም። አምኖ ይገባል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የውስጥ ንድፍ ባለሙያ ስንል፣ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸውን የንግድና የአገልግሎት ቤቶች ውስጥ የሚነድፈውን ሰው ማለታችን ነው።

በዚህ ሥራ ምን ዓይነት አደጋ እንዳለ ለመረዳት ወደ ቦስተን ከተማ መሄድ ያስፈልጋል። በዚያች ከተማ ኮኮናት ግሮቭ የሚባል የታወቀ የምሽት ክበብ ነበረ። ጌጡ የሞቃት አገር ባሕር ዳርቻ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ነበር፤ በየቦታው ሰው ሠራሽ ዘንባባ ቆሟል፣ በምድር ቤቱ የመጠጥ ክፍልም ጣሪያው በጨርቅ ተሸፍኗል። እ. ኤ. አ. ኅዳር 28 ቀን 1942 ሌሊት እሳቱ ከዚህ ከምድር ቤቱ ክፍል፣ ከዘንባባው ጌጥ አጠገብ ተነሣ፤ ጣሪያውን ይዞ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደ ዋናው አዳራሽ ወጣ። ለቤቱ የተፈቀደው የሰው ቍጥር 460 ሲሆን፣ በዚያን ሌሊት ግን አንድ ሺህ የሚያህል ሰው ገብቶበት ነበር። ሕዝቡ እንደ ልማዱ ወደ ገባበት በር ሮጠ፤ ያ በር ደግሞ ተሽከርካሪ በር ስለ ነበረ ሰው ከሁለት ወገን ሲገፋው ቆመ። ከሌሎቹ በሮች አንዳንዶቹ ተቈልፈው ነበር፤ ሌላውም ወደ ውስጥ የሚከፈት ስለ ነበረ፣ ከበስተኋላ የሚገፋው ሕዝብ ራሱ በሩን ዘጋው። የሞተው ሰው ቍጥር 492 ነው።

ይህን አደጋ በዝርዝር ያነሣነው ስለ ብዛቱ ብቻ አይደለም። ከሞቱ ምክንያቶች ብንቈጥር፣ የጣሪያው ጨርቅ፣ የዘንባባው ጌጥ፣ የበሩ ዓይነት፣ በሩ የሚከፈትበት አቅጣጫና በአዳራሹ ውስጥ የተጨመቀው የሰው ብዛት ናቸው። ከነዚህ አንዱም የሕንፃው ምሰሶ ወይም መሠረት አይደለም። ቤቱ አልፈረሰም። መሐንዲሱ የሠራው ሥራ ጸንቶ ቆሞ ሳለ፣ ሰዉን የገደለው በውስጡ የተደረገው ነገር ነው። አንድ ተጨማሪ ነገር ደግሞ ልብ ይባል፤ ከእሳቱ ከስምንት ቀን በፊት የከተማው የእሳት መከላከያ መርማሪ ቤቱን ጐብኝቶ ሁኔታው ደኅና ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ ወዲህ የወጡት ደንቦች የውስጥ ንድፍን ሥራ ከጌጥነት ወደ ስሌት አስጠግተውታል። ስሌቱ ምን እንደሚመስል ሁለት ምሳሌ እንይ። አንደኛው ስለ ዕቃው ጠባይ ነው። አንድ የግድግዳ ወይም የጣሪያ መሸፈኛ እሳት ሲነካው ምን ያህል በፍጥነት እንደሚያዛምት ለማወቅ፣ ወደ 7.3 ሜትር የሚረዝም ናሙና በአንድ የብረት ዋሻ ጣሪያ ላይ ይዘረጋና በአንድ ጫፍ እሳት ይለቀቅበታል። ነበልባሉ በ10 ደቂቃ ውስጥ የሄደበት ርቀትና ፍጥነት ይመዘገባል። ይህ ፈተና ባወጣው ሊቅ ስም የስታይነር ዋሻ ይባላል። መለኪያው ቀላል ነው፤ ቀይ ኦክ የሚባለው እንጨት 100፣ የሲሚንቶ ሰሌዳ ደግሞ 0 ተብሎ ሌላው ዕቃ ሁሉ ከነዚህ ጋራ ይነጻጸራል። ከ0 እስከ 25 ያገኘው አንደኛ ደረጃ፣ ከ26 እስከ 75 ሁለተኛ፣ ከ76 እስከ 200 ሦስተኛ ነው፤ የጢሱም መጠን በሦስቱም ደረጃ ከ450 እንዳይበልጥ ተወስኗል። ሰው ወደ መውጫ በሚሄድበት መተላለፊያና ደረጃ ላይ የሚፈቀደው ዕቃ፣ በተራ ክፍል ውስጥ ከሚፈቀደው የጠነከረ መሆን አለበት። ስለ ጢስ መጨነቁም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ1980 በላስ ቬጋስ ኤም ጂ ኤም ግራንድ በተባለው ሆቴል 85 ሰዎች ሲሞቱ፣ እሳቱ ታች ሳለ አብዛኞቹን የገደላቸው በአሳንሰሩ ጕድጓድና በደረጃው በኩል ወደ ላይኛው ፎቅ የወጣው ጢስ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ለጸሐፊው ይበልጥ አስገራሚ ሆኖ አግኝቶታል፤ ይኸውም የወንበርና የጠረጴዛ አቀማመጥ ነው። አንድ 150 ካሬ ሜትር የሆነ አዳራሽ እንውሰድ። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች በሚሠራበት የሕንፃ ደንብ መሠረት፣ አዳራሹ ጠረጴዛና ወንበር ያለበት ምግብ ቤት ከሆነ ለእያንዳንዱ ሰው 1.4 ካሬ ሜትር ይታሰባል፤ ስለዚህ 107 ሰው ይይዛል። ጠረጴዛው ተነሥቶ ወንበር ብቻ ቢደረደር ለአንድ ሰው የሚታሰበው 0.65 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ ቍጥሩ ወደ 230 ይወጣል። ወንበሩም ተነሥቶ ሰው ቆሞ የሚጠጣበትና የሚጨፍርበት ቢሆን፣ ለአንድ ሰው 0.46 ካሬ ሜትር ይበቃል ተብሎ 326 ሰው ይቈጠራል። ግድግዳው አልተነካም፤ ጣሪያው አልተነካም፤ የተነሣው ጠረጴዛና ወንበር ብቻ ነው። ነገር ግን የመውጫው ስፋት የሚሰላው በሰው ቍጥር ነው። ከጣሪያ ውሃ የሚረጭ የእሳት ማጥፊያ በሌለበት ቤት ለአንድ ሰው 5.1 ሚሊ ሜትር የበር ስፋት ቢታሰብ፣ ለ107 ሰው ግማሽ ሜትር ጥቂት አለፍ ያለ፣ ለ326 ሰው ግን 1 ሜትር ከ66 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። በእርግጥ ከ49 ሰው በላይ የሚይዝ የመሰብሰቢያ ክፍል በማናቸውም ሁኔታ ቢያንስ ሁለት መውጫ እንዲኖረው፣ በሮቹም ወደ ውጭ፣ ሰው በሚሸሽበት አቅጣጫ እንዲከፈቱ ይገደዳል። እንዲህ ከሆነ ወንበር የሚደረድረው ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የበርን ስፋት እየወሰነ ነው ማለት ነው።

ከእሳት ሌላ የአካል ጕዳተኞች ጕዳይ አለ። በሐምሌ 1990 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ (አባትየው) የፈረሙት ሕግ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቤት ሁሉ ለአካል ጕዳተኛ የተመቸ እንዲሆን ያዝዛል። ሕጉን ተከትለው የወጡት መለኪያዎች በሴንቲ ሜትር የተቈጠሩ ናቸው፤ በር ተከፍቶ የሚተወው ክፍተት ከ81.5 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ ሰው ለመዞር 1 ሜትር ከ52 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚሆን ክብ ቦታ እንዲያገኝ፣ የመሸጫው ባንኮኒ ከፊሉ ዝቅ ብሎ 91.5 ሴንቲ ሜትር እንዳያልፍ የሚሉ ናቸው። ንድፍ አውጪው እነዚህን ባያውቅ አዳራሹ ቢያምርም አንዱ እንግዳ ከደጅ ይመለሳል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ዕውቀት በየትኛው ሰው እጅ እንዳለ ሕዝቡ በምን ያውቃል? የምስክር ወረቀቱ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የሙያው ማኅበር በአሜሪካ የተመሠረተው በ1931 በሚቺጋን ግዛት፣ በግራንድ ራፒድስ ከተማ ነው። ግራንድ ራፒድስ የዕቃ ቤት፣ ማለትም የአልጋና የወንበር ፋብሪካዎች ከተማ ስለ ነበረች ቦታው ራሱ ብዙ ይናገራል። የማኅበሩ የመጀመሪያ ስም የአሜሪካ የውስጥ አስጌጮች ኢንስቲትዩት የሚል ነበር። በ1961 «አስጌጮች» የሚለው ቃል ወጥቶ «ንድፍ አውጪዎች» የሚለው ገባ። በ1975 ይኸው ማኅበር በ1957 ከተቋቋመው ሌላ ማኅበር ጋራ ተዋሕዶ ዛሬ የሚታወቀውን አንድ ማኅበር ፈጠረ። የቃሉ ለውጥ ተራ የስም ለውጥ አይደለም፤ ባለሙያዎቹ ስለ ራሳቸው ያላቸው አስተያየት መለወጡን ያሳያል። ስም ግን ማንም ሊወስደው ይችላልና፣ ስሙን በፈተና ማጽናት አስፈለገ። ስለዚህ በ1974 የብቃት ፈተና የሚያዘጋጅ ራሱን የቻለ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ፊደላቱ ኤን ሲ አይ ዲ ኪው በመባል ይታወቃል። ትምህርት ቤቶችን የሚመዝነው ሌላው አካል ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1970 ተመሥርቷል።

ወደ ፈተናው የሚቀርብ ሰው በሙያው ተምሮ መመረቅ አለበት፤ ከዚያም በኋላ ሥራውን በተግባር መለማመድ ይጠበቅበታል። ባችለር ዲግሪ ላለው የተወሰነው የልምምድ ጊዜ 3,520 ሰዓት ነው፤ በቀን 8 ሰዓት ቢቈጠር 440 የሥራ ቀን፣ ይኸውም ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ይሆናል። ፈተናው ለብዙ ዓመታት በሦስት ክፍል ሲሰጥ ኖሯል። የመጀመሪያው ስለ ንድፍና ስለ ሕንፃ መሠረታዊ ዕውቀት የሚጠይቅ ሲሆን፣ ተማሪው ልምምዱን ሳይጨርስ ሊወስደው ይችላል። ሁለተኛው ስለ ሕንፃ ደንብ፣ ስለ ውልና ስለ ሥራ አመራር ነው። ሦስተኛው የተግባር ነው፤ ተፈታኙ የአንድ ቤት ወለል ፕላን ይሰጠውና ክፍሎቹን ይደለድላል፣ መብራቱን ይዘረጋል፣ መጸዳጃ ቤቱን በአካል ጕዳተኞች መለኪያ ያስተካክላል፣ የመውጫ መንገዱንም ያሳያል። ቀድሞ ይህ ሁሉ በእጅ እየተሣለ ይቀርብ ነበር፤ ኋላ በኮምፒዩተር ሆነ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ ውበት የሚባል ነገር በነጥብ አይለካም። አዳራሹ ያማረ ነው ወይስ የከፋ ብሎ የሚጠይቅ ክፍል የለውም። ይህንን አንዳንዶች እንደ ጕድለት ይቈጥሩበታል፤ ለጸሐፊው ግን ከፈተናው መልካም ጠባዮች ዋነኛው ይህ ነው። ውበትን ገዢው በዓይኑ ይፈርዳል፤ የስታይነር ዋሻን ውጤት ግን በዓይን ማየት አይችልም።

ከዚህ ከመሠረታዊው ምስክርነት በላይ ልዩ ልዩ የሆኑ ተጨማሪ ምስክርነቶች ተፈጥረዋል። ስለ ኃይልና ስለ ውሃ ቁጠባ፣ ስለ ዕቃው ምንጭና ስለ አየሩ ንጽሕና የሚመሰክረው ሊድ የሚባለው ሲሆን፣ የሚሰጠውም በ1993 በተመሠረተው የአሜሪካ የአረንጓዴ ሕንፃ ምክር ቤት ሥርዓት ነው። ይህ ምስክርነት ለውስጥ ንድፍና ለውስጥ ግንባታ የተለየ ክፍል አለው፤ የያዘውም ሰው በየሁለት ዓመቱ 30 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት እንዲወስድ ይገደዳል። በ2014 ደግሞ ዌል የሚባለው መጣ፤ እርሱ የሚመለከተው በቤቱ ውስጥ የሚውለውን ሰው ጤና ነው።

ከሁሉም ይበልጥ መሠረት ያለው ሆኖ የሚታየው የሆስፒታል ውስጥ ንድፍ ምስክርነት ነው። ሆስፒታል ከምግብ ቤት የተለየ ዕውቀት ይጠይቃል። አልጋ የሚገፋበት መተላለፊያ 2 ሜትር ከ44 ሴንቲ ሜትር ያህል መስፋት አለበት፤ ወለሉና የወንበሩ ልብስ በጠንካራ የጀርም ማጥፊያ በየቀኑ ቢታጠብ የማይሰነጠቅ መሆን አለበት፤ የማስታወስ ኃይላቸው የደከመ ሽማግሌዎች በሚኖሩበት ቤት ወለል ላይ ጥቁር ቅርጽ ቢደረግ ሕመምተኛው ጕድጓድ መስሎት ለመርገጥ ይፈራል። ሮጀር ኡልሪክ የተባለው ተመራማሪ በ1984 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጣው ጥናት የዚህ ዘርፍ መነሻ ሆኖ ይጠቀሳል። በፔንስልቬኒያ ግዛት በአንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን 46 ሕመምተኞች በ23 ጥንድ ከፍሎ ሲያነጻጽር፣ በመስኮታቸው ዛፍ የሚታያቸው የጡብ ግድግዳ ብቻ ከሚታያቸው ይልቅ ቶሎ ከሆስፒታል ወጡ፤ ብርቱ የሆነውን የሕመም ማስታገሻም በጥቂቱ ወሰዱ። አርባ ስድስት ሰው ብዙ አይደለም፤ ቢሆንም ጥያቄው ከዚያ ወዲህ ከአስተያየት ወደ ምርመራ ተሸጋግሯል። በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ንድፍ የሚባለው ትምህርትና የራሱ ምስክርነት ከዚህ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም። እነዚህ ተጨማሪ ምስክርነቶች ሁሉ እኩል ክብደት ያላቸው አይደሉም። አንዳንዱ የዓመታት ልምድ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ በሁለት ሰዓት የምርጫ ፈተና ይገኛል። ነገር ግን ከስም ኋላ ሲጻፉ ሁሉም ፊደል ናቸው፤ ደንበኛውም ልዩነታቸውን አያውቅም። ከስሙ ኋላ አምስት ዓይነት ፊደል የሰቀለ ሰው፣ አንድ ብቻ ካለው ይልቅ ያውቃል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። መጠየቅ ያለበት ፊደሉ ስንት ነው ሳይሆን፣ ማን ፈተነው፣ በምን ፈተነው፣ ቢያጠፋስ ማን ይነጥቀዋል የሚለው ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ወደ ሕጉ ያደርሰናል። ምክር ቤቱ የሚሰጠው የግል ምስክርነት ነው፤ መንግሥት ካልተቀበለው በቀር በሕግ ፊት ኃይል የለውም። ባለሙያዎቹም ይህን ኃይል ለማግኘት ወደ ግዛቶቹ ምክር ቤቶች ሄዱ። የወጡት ሕጎች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው ስምን ብቻ የሚጠብቅ ነው፤ ማንም ሥራውን ሊሠራ ይችላል፣ በስሙ ግን ሊጠራ የሚችለው የተመዘገበ ብቻ ነው። በ1982 በአላባማ የወጣው የመጀመሪያው ሕግ እንዲህ ያለ ነበር። ሁለተኛው ሥራውን ራሱን የሚጠብቅ ነው፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ሥራውን እንዳይሠራ ይከለክላል። የዋሽንግተን ዲስትሪክት በ1986፣ ፍሎሪዳም በ1994 እንዲህ ያለውን መረጡ። የፍሎሪዳው ሕግ የመኖሪያ ቤትን ሥራ ነጻ ትቶ የንግድን ቤት ብቻ ለባለ ፈቃዶች ለየ፤ ፈቃዱንም ለማግኘት ትምህርትና ልምምድ ተደምረው ስድስት ዓመት እንዲሞሉ አዘዘ።

ተቃዋሚዎቹ ብዙ ነበሩ፤ በተለይም ኢንስቲትዩት ፎር ጀስቲስ የተባለው የጠበቆች ድርጅት በየግዛቱ ክስ እየመሠረተ ተከራከረ። የሚሉትም እንዲህ ነው፦ ሕጉን የጠየቀው ሕዝቡ ሳይሆን ባለሙያዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ በሩን ገብተው ካለፉ በኋላ ከኋላቸው ሊዘጉት ይፈልጋሉ። ፈቃድ በማይጠየቅባቸው በአብዛኞቹ ግዛቶች ከሌሎቹ የበለጠ አደጋ እንደ ደረሰ ማስረጃ አልቀረበም። ትምህርት ቤት ለመግባት አቅም ያጣ፣ ግን ዓይንና እጅ ያለው ሰው ከእንጀራው ይታገዳል። ደግሞስ የሕንፃ ደንብ አለ፣ መርማሪም አለ፤ ንድፉ ቢሳሳት እነርሱ ይይዙታል።

ፍርድ ቤቶቹ በአንድ ድምፅ አልፈረዱም። የአላባማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007፣ ግዛቲቱ በኋላ ያወጣችውን ሥራን የሚከለክል ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋራ አይስማማም ብሎ ሻረው። ስለ ቴክሳስ በ2009 የቀረበለት የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ሰው የሚሠራውን ሥራ በእውነተኛ ስሙ እንዳይጠራ መከልከል የመናገር ነጻነትን ይነካል ወደሚለው ወገን አዘነበለ። በ2011 ግን ሌላው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የፍሎሪዳን የፈቃድ ግዴታ አጸናው። በፍርድ ቤት የጸናውን ይህን ግዴታ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የሻረው የግዛቲቱ የራሷ ምክር ቤት ነው፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2020 ጀምሮ በፍሎሪዳ ያለ ፈቃድ የንግድ ቤት ውስጥ መንደፍ ወንጀል መሆኑ ቀረ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ተቃዋሚዎቹ አሸነፉ በተባለ ነበር። ነገር ግን ያው የ2020 ሕግ አንድ ነገር ትቷል። ፈተናውን ያለፈ ሰው ወድዶ ሊመዘገብና የራሱን ማኅተም ሊያገኝ ይችላል፤ በማኅተሙም የፈረመውን የውስጥ ንድፍ ለግንባታ ፈቃድ ማቅረብ ይችላል። ማኅተም የሌለው ሰው መሥራት አይከለከልም፤ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ ሲመጣበት ግን ማኅተም ያለውን ባለሙያ ወይም አርክቴክት ፈልጎ ማስፈረም አለበት። በሰሜን ካሮላይና በ2021፣ በኢሊኖይና በዊስኮንሲን በ2022 የወጡት ሕጎች በዚሁ መንገድ የሄዱ ናቸው። በነዚህ ግዛቶች ዋናው ተከራካሪ ደግሞ ሌላ ሆነ፤ እስከ አሁን ማኅተሙ የእነርሱ ብቻ የነበረው አርክቴክቶች ናቸው።

ጸሐፊው ከሁለቱም ወገን የሚቀበለውና የማይቀበለው አለ። ስምን በሕግ ማጠር ጥቅሙ አይታየውም፤ ሶፋ የሚመርጥ ሰው ራሱን ንድፍ አውጪ ቢል ማንም አይጐዳም። መርማሪ ካለ ይበቃል የሚለውን ክርክር ግን ሊቀበለው አይችልም። የቦስተኑ መርማሪ ከእሳቱ ስምንት ቀን በፊት በቤቱ ውስጥ ቆሞ ነበር። መርማሪ የሚያየው የተሠራውን ነው፤ የሚያየውም ለአንድ ሰዓት ነው። ጨርቁን የመረጠው፣ በሩን ወደ ውስጥ ያዞረው፣ ወንበሩን ያጨናነቀው ሰው ግን ከነገሩ ጋራ ለወራት ኖሯል። ኃላፊነቱ በፊርማ ሊታሰር የሚገባው በዚህኛው ላይ ነው። ማኅተም ከዕውቀት በላይ የሚሰጠው ነገርም ይህ ነው፤ ሲጠፋ የሚጠየቀው ማን እንደ ሆነ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ምስክርነቱ የማይችለውንም አክሎ መናገር እውነተኛነት ነው። እ. ኤ. አ. የካቲት 20 ቀን 2003 በሮድ አይላንድ ግዛት፣ በዌስት ዋርዊክ ከተማ፣ ስቴሽን በተባለው የምሽት ክበብ 100 ሰዎች ሞቱ። በመድረኩ ላይ የተለኰሰ ርችት በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፖሊዩሪቴን ስፖንጅ አቀጣጠለው፤ ውሃ የሚረጭ ማጥፊያም በቤቱ አልነበረም። ስፖንጁ የተለጠፈው ድምፁ ወደ ጎረቤት እንዳይሄድ ተብሎ ነው። ይህን ያደረጉት የቤቱ ባለቤቶች ናቸው፤ ንድፍ አውጪ አልተጠራም፤ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነውም ብሎ ያሰበ የለም። በሕግ ደብተር ላይ ያለ ማንኛውም ማኅተም ከሱቅ ስፖንጅ ገዝቶ በሙጫ የሚለጥፍን ሰው አይደርስበትም። ደግሞም እንዲህ ያለ ስፖንጅ በእሳት ጊዜ ቀልጦ ስለሚንጠባጠብ፣ ከላይ የተናገርነው የስታይነር ዋሻ ፈተና በትክክል አይመዝነውም፤ ለዚህ ሲባል በአንድ ክፍል ማዕዘን ላይ በሙሉ መጠን እያቃጠሉ የሚመረምሩበት ሌላ ፈተና ወጥቷል። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ሰው ቢጠየቅ ኖሮ አንድ ቃል ሊናገር ይችል ነበር። አልተጠየቀም።

በመጨረሻ ጉዳዩ ወደ እኛም ሰዎች እንደሚደርስ አንድ ምሳሌ እንጨምር። ከላይ በ1986 ሕግ አወጣ ባልነው በዋሽንግተን ዲስትሪክት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ብዙ ናቸው። እንግዳው መሶብ ከቦ በበርጩማ እንዲቀመጥ ማድረግ የቤቱ ጌጥም ሥርዓትም ነው። የአካል ጕዳተኞች መለኪያ ግን ከመብያ ቦታዎቹ ቢያንስ ከመቶ 5ቱ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ላለ ሰው እንዲመቹ፣ የገበታውም ከፍታ ከ71 እስከ 86.5 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ይጠይቃል፤ ዝቅ ያለው መሶባችን ከዚህ በታች ይቀራል፤ በተሽከርካሪ ወንበር የመጣው እንግዳም ጕልበቱን የሚያስገባበት ቦታ አያገኝም። ቡና የሚፈላበት ፍምና ወለሉ ላይ የሚጐዘጐዘው ቄጠማም ቢደርቅ እሳት ከሚመለከተው ደንብ ጋራ መተያየታቸው አይቀርም። እነዚህን ሁለቱን፣ መሶቡንና መለኪያውን፣ አስማምቶ የሚነድፍ ሰው የደንቡን መጽሐፍም የገበታውንም ሥርዓት ማወቅ ይኖርበታል፤ የሦስቱ ክፍል ፈተና ግን የሚጠይቀው ስለ መጽሐፉ ብቻ ነው።